ዱላ የያዘ ይለፍ

በጃንሆይ ዘመን ነው። ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ተቀጥሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት ዲላ ስመጣ፣ አባቴ «ባቡሩን ትነዳዋለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አልነዳም፤ አስቆማለሁ፣ አሳልፋለሁ።»

«ለማስቆም ነው ያስተማርኩህ?» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። በገንኩ!

በማግስቱ ከገበያ አብረን በእግር ስንመለስ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ጠባብ፣ ጭቃማ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሁለት የጭነት መኪናዎች አፍ ለአፍ ገጥመዋል። አንዱ ቡና ጭኗል፣ አንዱ ጨው። ሾፌሮቹ «አንተ ተመለስ! አንተ ተመለስ!» ይባባላሉ። ከኋላቸው ሌሎች ተሰልፈዋል። ልቤ ዘለለ፤ ይህማ የኔ ሥራ ነው! እኛ ጋ ባንድ ሀዲድ ላይ ሁለት ባቡር እንዳይጋጭ አንድ ዱላ ብቻ አለ፤ እሱን ያልያዘ ነጂ ንቅንቅ አይልም።

አባቴ የሚመረኮዘውን ዱላ ከእጁ መነጨቅሁ። ባለጨውንና ከኋላው ያሉትን ለምኜ ወደ ኋላ መለስኩና ዱላውን ለባለቡናው ሰጠሁት። «ያለዚህ ማንም አይገባም! ማዶ ስትደርስ ለሚጠብቀው ስጠው!»

ሄደ። ወዲያው ባለጨው ዱላውን በመስኮት እያወዛወዘ ብቅ አለ! ከእኛ በኩል የተሰለፈው ሌላው ባለቡና ተቀብሎ ገባ። ሰዉ አጨበጨበ። አባቴማ ጭቃው መሀል ቆሞ «ዱላ የያዘ ይለፍ!» እያለ ከሁሉም በላይ ይጮኽ ጀመር።

የመጨረሻው ባለቡና ግን ማዶ የሚቀበለው ሰው አጣና ዱላውን እንደያዘ ወደ አዲስ አበባ ነጎደ። አባቴን ፈራ ተባ እያልኩ አየሁት።

«ሥራህ ይህ ከሆነስ» አለ፣ ጭቃው እንዳያንሸራትተው ትከሻዬን ይዞ፣ «ሌላ ዱላ እቆርጣለሁ።»