ማር በቀኝ ጆሮ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ንፋስ መውጫ ወንድሜ ቤት ተቀምጠናል። የልጅ ልጁ ቤዛ ሶፋው ጥግ ላይ እግሯን አጥፋ በስልኳ የህንድ ፊልም ታያለች፤ እኔ እህቱ ቆሎ እየቆረጠምኩ እንደ ልማዴ ከወንድሜ ከጥበቡ በስተቀኝ ተቀምጫለሁ። በፊልሙ ውስጥ አንድ ጎረምሳ አቧራ ላይ ወድቆ ይረገጣል መሰለኝ፣ የከበቡት ሁሉ «ማሮ! ማሮ!» እያሉ ሲጮኹ የስልኩ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ በዚህ ጊዜ ስድሳን የተሻገረው፣ የተጣላ የሚያስታርቀው ወንድሜ ሁለት ክንዶቹን አንስቶ ራሱን ሸፈነ። ወዲያው አወረዳቸውና ነጠላውን የሚያስተካክል መሰለ። ቤዛ አላየችም፤ እኔ አየሁ።

«ምንድን ነው የሚሉት እነዚህ?» አላት፣ ግራ ጆሮውን ወደ እሷ አዙሮ።

«በሉት፣ ምቱት ማለት ነው አባባ! አሁንማ ሰብታይትል ሁሉ አላይም እኮ።»

ጥበቡ «ማሮ» ብሎ ለራሱ ደገማት። ከዚያ ሳቅ ጀመረው፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያወርድ ሳቀ። «አይ የኔ ነገር! ለካስ ማሩኝ ባልኩ ቁጥር ጨምሩልኝ እያልኩት ኖሯል! ምነው ያን ጊዜ ይችን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ ቢገኝ!» ብሎ በነጠላው ጫፍ ፊቱን ጠረገ።

የሚያውቅ ሰውስ ነበር። እኔ ነበርኩ፤ ይኸው ከአርባ ዓመት በላይ ሆነኝ፣ አልነገርኩትም።

ልጆች ሳለን ዱላ ያልቀመሰ ገላ አልነበረንም። ቤት አባታችን ይገርፈናል፤ ከአባታችን ያመለጠውን የኔታ ያገኙታል፤ ከየኔታ ያመለጠውን ደግሞ አስተማሪ። በገበያ ቀን ጠላ የሞቃቸው ጎልማሶች ሲፈነካከቱ አጥር ላይ ተንጠልጥለን እናያለን፣ ቤት ስንገባ ማን ማንን እንደጣለ እየተቀባበልን እናወራለን። የአባቴ ራስ ላይ ሁለት ጠባሳ ነበረ፤ አንዱ ከወሰን ጠብ፣ አንዱ ከሠርግ፤ የሠርጉን ሲያወራ ይስቅ ነበር። በዚህ ሁሉ መሐል ግን አንድ የማትደፈር ነገር ነበረች፤ የወደቀው ሰው «ማረኝ» ካለ ዱላው እዚያው አየር ላይ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ የመታን ሰው ጎረቤት እሳት አይሰጠውም።

ጥበቡ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ያን ዓመት ግን ሁለታችንም ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። እሱ የዘገየው ቤተ ልሔም ድጓ ቤት ዜማ ሲማር ስለቆየ ነው። አባታችን ዘመኑን አይቶ «አንድ ሁለት ዓመት የመንግሥቱንም ቅመስና ተመለስ» ብሎ ከተማ አመጣው እንጂ፣ ድጓውን ጨርሶ መሪጌታ መባሉ በቤታችን ያለቀለት ነገር ነበር። ጆሮው ለጉድ ነው። የጎረቤት በር ሲንቋረር «ይች ዕዝል ነች» ይለኛል፣ የአህያዋን ጩኸት ሳይቀር በዜማ ይመድባታል፤ ሲቆፍርም ሲያነብም ሒሳብ ሲሠራም ከአፉ ዜማ አይጠፋም፤ እናቴ ጓዳ ሆና እጇን ሥራ ላይ ትታ ስታዳምጠው ደጋግሜ አይቻታለሁ።

የሒሳብ አስተማሪያችን ህንድ ነበር። ስሙ ረጅም ስለሆነ ማንም አልያዘውም፤ ሲቆጣ የወይራ ዱላውን እያወዛወዘ «ማሩንጋ!» ስለሚል እኛም ማሩንጋ አልነው። ይህን ባለ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ቃሉን ለሁለት ሰንጥቆ «ማሩን ጋሼ! ማሩን ጋሼ!» ይላል፤ መለመናችን ነው፣ መቀለዳችንም ነው። እሱ የገዛ ቃሉን ነጥቀን የምናሾፍበት ይመስለው ነበርና ይብስበታል። እኛ ደግሞ ምሕረት ሲለምኑት የሚብስበት ሰው አይተን ስለማናውቅ፣ ጨካኝ ነው ብለን ደመደምን።

ለሚስቱ ከሰዓት ከሰዓት ወተት የማደርስላት እኔ ነበርኩ። ስሟ ኡሻ ይባላል፤ እናቴ ሰውን እንዲህ ብሎ መጥራት ስድብ ሆኖ ስለሚሰማት «እሜቴ» ነበር የምትላት። ኡሻ ብቸኛ ስለነበረች እኔን ታስቀምጠኝና ዕቃ እያነሳን በእሷ ቋንቋም በእኔም እየጠራን እንጫወታለን። አንድ ቀን እናቴ አዲስ የተቆረጠ ማር በትንሽ ማሰሮ ሰጥታኝ ወሰድኩላትና «ማር» ብዬ አሳየኋት። ደንገጥ ብላ ወደ ኋላ አለች፤ ከዚያ እየሳቀች መዳፌን ቸብ አደረገችና «ማር!» አለች፣ ጉንጯን ቸብ አደረገችና «ማሮ!» አለች፤ ማሩንጋም እመታለሁ ማለት እንደሆነ ባሏን እያስመሰለች አሳየችኝ። እኔም በተራዬ ከደጅ ድንጋይ አንስቼ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ተንበረከክሁና፣ ማር ማለት በእኛ ይህም ጭምር ነው አልኳት። ሳቋን አቆመች። ድንጋዩን ከማጅራቴ ላይ ራሷ አነሳችው።

ይህን ለክፍል ልጆች አልነገርኩም። እነሱ «ማሩን ጋሼ» ሲሉ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ስላለ በልቤ እስቃለሁ፤ ብቻዬን ስለያዝኩት ጣፈጠኝ።

ኅዳር ላይ ነው፤ አጨዳ ስለደረሰ ግማሹ ክፍል ባዶ ነበር። ማሩንጋ ጀርባውን ሰጥቶን ሰሌዳው ላይ ቁጥር ይደረድራል፤ ጥበቡ ሳይታወቀው ማንጎራጎር ጀመረ፣ አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ፣ ሰውየው ዞረና «ማሩንጋ!» አለ። ክፍሉ በለመደው አፉ «ማሩን ጋሼ!» ብሎ መለሰ። የሰውየው ዓይን ደም ለበሰ። ጥበቡን ጎትቶ አወጣውና መጀመሪያ መዳፉን፣ ቀጥሎ ክንዱን፣ ቀጥሎ ያገኘበትን መታው። ጥበቡ ቀልዱን ትቶ ከልቡ «ማሩኝ!» አለ። ሰውየው ቆም ብሎ አፈጠጠበት፤ ምታኝ እያለ የሚደፍረው ልጅ ነው የቆመው ለእሱ። አሳረፈበት። «ማሩኝ! ማሩኝ!» ሲል ሰውየው ዱላውን ደገመበት። ተንበርክኮ እግሩን ይዞ «ማሩ! ማሩ!» እያለ ሲጮህ ዱላው ጀርባው ላይ ተሰበረ፤ ዱላው ሲሰበር ጥፊ ተከተለ፤ አንደኛዋ ጥፊ ቀኝ ጆሮው ላይ አረፈች። ከጆሮው የወጣው ደም በአንገቱ ወርዶ ኮሌታውን አራሰው።

እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። «ሰር፣ ይቅርታ ማለቱ ነው» የምትል እንግሊዝኛ አፌ ውስጥ ተዘጋጅታ ነበር፤ ያቺን ያህል እንግሊዝኛ ነበረኝ። ብነሳ ተረኛዋ እኔ እንደምሆን አሰብኩ። መጀመሪያ «አሁን ይተወዋል» አልኩ፣ ከዚያ «አሁንስ ይተወዋል» አልኩ፣ ከዚያ ደሙን አየሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ልጅ ነበርሽ ይሉኝ ይሆናል፣ ልጅም ፈሪም ነበርኩ።

ሐኪም ቤት ሲወስዱት ያየው ዶክተር ከኩባ የመጣ ነበር፤ የሚያስተረጉም ሰው አልነበረም። ጆሮህ ምን ይላል ብሎ በምልክት ጠየቀው፤ ጥበቡ «ሽሽሽ» አለለት። ዶክተሩ ራሱን ነቅንቆ እጁን እያወዛወዘ «ማር፣ ማር» አለ። አገር ሰላም ነው ብለን ወጣን፤ ሐኪም ማር ካዘዘ ማር ነው። እናቴ ያንኑ አዲስ ማር በእሳት አለዝባ ጠዋትና ማታ ጆሮው ውስጥ ጨመረችለት፤ ልጇን በገዛ እጇ እያከመች ስለነበረ ደስ ብሏት ነበር። በሳምንቱ ጆሮው አበጠ፣ መግል ያዘ፣ ጥበቡ ራሱን ከግድግዳ እያጋጨ ጮኸ፤ ሲደርቅ ለዘለዓለም ተዘጋ። ኋላ መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ፣ ኩባ ተምሮ የመጣ አንድ ልጅ ማር በእነሱ ቋንቋ ባሕር ማለት እንደሆነ አጫወተኝ። ሰውየው ጆሮህ የባሕር ድምፅ ነው የሚያሰማህ ማለቱ ኖሯል። እናቴ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች፤ ለእሷም አልነገርኳት።

ለጥምቀት ጥበቡ ቤተ ልሔም ተመለሰ። ጓደኞቹ መሐል ቆሞ ሲያዜም ድምፁ እየወጣ እየወረደ ብቻውን ሌላ መንገድ ይሄድ ጀመር፤ እሱ ደግሞ አይሰማውም። የኔታ ጠሩትና ጆሮውን ዳሰሱት። «ልጄ፣ ማር ማለት በሱርስት፣ በሶርያውያን ቋንቋ፣ ጌታ ማለት ነው፤ አንተ ጌታህን ነው የጠራኸው፣ እሱ ይመልስልህ» ብለው አልቅሰው ሸኙት። ይህን ሲሰማ አባቴ ሽመሉን ከጥግ አነሳ።

ከኋላው ሮጥኩ። ማሩንጋ ቤት ስደርስ በሩ ተገንጥሏል፣ ኡሻ ጓሮ ቆማ ፀጉሯን ትነጫለች፣ ሰውየው ግቢው መሐል ወድቋል። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አርፎ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ሁለተኛው ለራሱ ነበር። ሁለት እጁን ዘርግቶ «ማት ማሮ! ማት ማሮ!» አለ፤ አትምታኝ ማለቱ ነው።

አባቴ ሽመሉን እንዳነሳ ዞረብኝ። «ምን ይላል ይሄ? አንች አይደለሽ ቋንቋቸውን የምታውቂ!»

እንደ ቃሉ ብተረጉመው ሽመሉ ይወርዳል። «ማሩኝ ነው የሚሉት አባዬ» አልኩት።

ሽመሉ አየር ላይ ቀረ። ያየሁት ሰው ሊገድል የመጣ ነው፤ ቃሏን ግን መርገጥ አልሆነለትም። መሬት ላይ ተፍቶ ሽመሉን ጥሎ ወጣ። በሳምንቱ ባልና ሚስቱ አገሩን ለቀው ሄዱ፤ ኡሻ የማሩን ማሰሮ አጥባ፣ ዕቃ ባዶውን አይመለስም ስላልኳት ስኳር ሞልታ ላከችልኝ። እኔ ግን ከዚያ ስኳር አልቀመስኩም። ለባዕዱ ሰው የተከፈተ አፌ ለወንድሜ ለምን ተዘጋ እያልኩ አደግሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እጄ ዱላ አልጨበጠም፣ እሱም አልካሰልኝም።

ጥበቡ ኋላ አግብቶ ወልዶ፣ ሱቅ ከፍቶ ደኅና ኖረ። በየበዓሉ ከሊቃውንቱ ጀርባ ይቆማል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ቤዛ አያቷ ሲያዜም ሰምታ አታውቅም። ያ የበሩን መንቋረር በዜማ የሚመድብ ልጅ ከእኔ ትዝታ በቀር የትም የለም፤ እኔ ስሞት እሱም ያልቃል።

እሁድ ዕለት ሳቁ በረድ ሲልለት ወደ እሱ ጠጋ አልኩ። «ወንድም ዓለም፣ ማረኝ» አልኩት። በቀኙ ነበርኩ።

«እ?» ብሎ ዞረ። ልደግመው አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። «ማር ነው ያልሽው? ቤዛ፣ ተነሽ እስኪ፣ ለአያትሽ ከጓዳ ማር አምጭላት፤ አምሯታል።»

ቤዛ በሳህን አመጣችልኝ። ጥበቡ ትክ ብሎ እያየኝ እስክጨርስ ጠበቀ።

«ጣፈጠሽ?» አለኝ።

«ጣፈጠኝ» አልኩት።