ሠላሳ ስምንት ወይስ አርባ አምስት

ቫን ናይስ ውስጥ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ አስታምም ነበር። ጠዋት ጠዋት ፌርፋክስ ካለው ቤቴ ድራይቭ አድርጌ እደርስና ቁርሳቸውን አበላለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። "ጋሼ" እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ወደውታል።

ጤነኛ ሳሉ ከባለቤታቸው ጋር የካውቦይ ተኩስ ውድድር ይሄዱ ነበር። ተወዳዳሪው እንደ ድሮ ከብት ነጂ ይለብስና በሁለት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ፣ በአንድ ጠመንጃና ባለሁለት አፈሙዝ በሆነ ሌላ ጠመንጃ የብረት ዒላማ ይመታል፤ ፈጥኖ የጨረሰ ያሸንፋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግን የመሣሪያውን ካዝና ከፍተው አያውቁም።

አንድ ቀን "እስቲ ያስተምሩኝ" አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ ከሚቀመጡበት ወንበር እንዲነሱልኝ ፈልጌ ይመስለኛል። ከዚያ ካዝናውን አስከፈቱኝ፤ ጥይት እንደሌለባቸው ደጋግመው አዩና ሽጉጦቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። የሳቸው ወፍራም ጥይት የሚጎርሰው አርባ አምስት፣ የባለቤታቸው ቀጠን ያለ የሚጎርሰው ሠላሳ ስምንት ነበር።

"የትኛውን ትመርጫለሽ?"

ትልቁን አነሳሁ። "የርስዎን።"

"እሱ እጅሽን ወደ ላይ ይወረውረዋል። እስክትመልሺው ሌላው ተወዳዳሪ ሁለት ይተኩሳል። ሠላሳ ስምንት ይሻልሻል። ጠመንጃሽም ያንኑ ጥይት የሚጎርስ ይሁን፤ በጥድፊያ ላይ ይሄ የየትኛው ነው እያልሽ አትደናበሪም።"

"እርስዎ ታዲያ ለምን አርባ አምስት መረጡ?"

"ድምፁን ስለምወደው" ብለው ሳቁ። "እሷ ግን ሁልጊዜ ትቀድመኝ ነበር።"

በሳምንቱ ቅዳሜ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ተኩስ ሜዳው ወሰድኳቸው። የባለቤታቸውን ሽጉጥ አቀበሉኝ። ሦስት ሳትኩ፤ በአራተኛው ብረቱ ጮኸ። ዘወር ስል ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነዋል።

"እንሂድ እንዴ፣ ጋሼ?"

"የለም፣ ድገሚው። ይሄን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።"

ዓመቱ ሳያልቅ አረፉ። መሣሪያዎቹን ልጃቸው ወሰደች፤ የአባቷ ናቸው፣ ምን እላለሁ? እኔ የራሴን ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ አርባ አምስቱን ሲያሞግስልኝ ቆየ። እኔ ግን ሠላሳ ስምንት ሽጉጥና ያንኑ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ መረጥኩ። እህቴ ስትሰማ "አንቺ ሴትዮ፣ እሁድ ቸርች፣ ቅዳሜ ተኩስ?" ብላ ጮኸችብኝ።

አሁን ደህና አድርጌ እመታለሁ። ተኩሱ አልቆ ቀለሆቼን ለቅሜ መኪናዬ ውስጥ ስገባ ግን ስንቱን እንደሳትኩ የምነግራቸው ጋሼ ይናፍቁኛል። ሰኞ ኖርዝ ሆሊውድ ሌላ ሽማግሌ ጋ ሥራ እገባለሁ። ደግ ሰው ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለ ቤዝቦል ብቻ ነው።