ልጄ የተዋሰችው ሚሞሪ

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ስልክ ገዛሁላት። እኔ ቤይሩት አንዲት አሮጊት እያስታመምኩ ስለምኖር እሷ የምታድገው መርሳ፣ እናቴ ዘንድ ነው። ድምፅዋን የምሰማው በስልክ ብቻ ነው። ስልክ ስላችሁ ግን ሌላ እንዳይመስላችሁ፤ ኢንተርኔትን በሕልሙም ያላየ ባለቁልፍ ስልክ ነው። በፈቃድ የመጣሁ ጊዜ ወልድያ ድረስ ሄጄ፣ ሚሞሪ ካርድ ከሚሞላ ሱቅ መዝሙር አስጫንኩበት። ባለሱቁ፣ «ትንሽ ዘፈንም ጣል ላድርግበት?» ቢለኝ፣ በዓቢይ ጾም ቅቤ ላድርግልሽ ያለኝ ያህል ደነገጥኩ።

«መዝሙር ብቻ!»

በቃሉም አላመንኩት። እዚያው ቆሜ አንድ በአንድ አስከፍቼ አዳመጥኩ። ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ሁለት እናቶች ቅዳሴ ላይ ያሉ መስሏቸው መሰለኝ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ቤይሩት ከተመለስኩ በኋላ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመጣ እደውላለሁ። አንድ እሑድ ልጄ ልብስ እያጠበች ኖሮ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ሸጉጣ ታንጎራጉራለች። ዜማው አንጀት ይበላል።

«አዲስ መዝሙር ነው እንዴ?» አልኳት።

ማንጎራጎሯን አቋረጠች።

«እስቲ ከፍ አድርጊልኝ፤ እኔም ልማረው።»

ልጄ እናቷን እምቢ ማለት አልለመደባትም። ጀመረች። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ዘርግቼ ተመሰጥኩ። አዝማቹ ላይ ስትደርስ የነቢዩ ሙሐመድ ውዳሴ ሆኖ አረፈው። ለካ መንዙማ ነው! የዘረጋሁትን እጅ የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከሚሞሪው።»

«እኔ ካስጫንኩት?»

«የኔንማ ለእሷ አዋስኳት።»

እሷ የተባለችው የጎረቤታችን የሐጂ ልጅ ናት። ሐጂ በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉ፣ በልጅነቴ ዩኒፎርም ሲለኩኝ «ዝም ብለሽ ቁሚ፣ አንቺ ፌንጣ!» እያሉ ያሳደጉኝ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዘፈን በመከልከል ከእኔ አይተናነሱም፤ የልጃቸውን ሚሞሪ በመንዙማ ብቻ አስሞልተውታል። ልጄ እንደነገረችኝ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሚሞሪ ይለዋወጣል፤ ያንዱ ዘፈን በሌላው ፊልም ይሄዳል። የእነዚህን የሁለቱን ግን የሚፈልግ ጠፋ። ስለዚህ እርስ በርስ ተለዋወጡ።

«የኔን ሁሉ በቃሌ ጨረስኩት፤ ታዲያ ምን ላድርግ እማ?» አለችኝ።

እኔ ግን በርግጌ ነበር። ለእናቴ በራሷ ስልክ ደውዬ፣ «እማዬ፣ ያንን ስልክ ዛሬውኑ ውሰጅባት» አልኳት። እናቴም ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። በሚቀጥለው እሑድ ስደውል ልጄ ወፍጮ ቤት ሄዳለች ተባልኩ። በሌላው እሑድ ጓደኛዋ ጋ ናት ተባልኩ። በሦስተኛው እናቴ መዋሸት ሰለቻት።

«እዚህ አጠገቤ ናት። አላናግራትም ብላለች። ምን ላድርግሽ፣ በገመድ ልጎትታት?»

ያን ሳምንት አሮጊቷን ሳጥብም ሳበላም ጆሮዬ ስልኬ ላይ ነበር። ከልጄ ጋር የቀረኝ ያ ድምፅ ነው። እሱንም በገዛ እጄ ከመዝሙሩ ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ሐሙስ ዕለት ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ናቸው።

«እንዴት ነሽ ልጄ? ጤና? ሥራ? ያች የምታስታምሚያት ሴትዮ በረታች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ሐጂ። እርስዎስ? ቤተሰብ? ወገብዎን ተሻለዎት?»

«አልሐምዱሊላህ። ብርዱስ እዚያ እንዴት ነው?»

ብርዱንም ጨረስነው። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይህቺ ልጄ... ሰሞኑን ቁልፍ ልትተክልልኝ አጠገቤ ትቀመጥና ስለ ማርያም ታዜማለች።»

«ውይ!»

«ደግሞ ታሳምረዋለች። ያንቺዋስ እንዴት ናት?»

«የእኔዋም... በእናንተ በኩል በርትታለች።»

ስልኳን እንዳስነጠቅኋት ነገርኳቸው። እሳቸውም ለካ የልጃቸውን ስልክ ነጥቀው ኖሯል።

«እንዳልከለክል» አሉ፣ «ዕድሜ ልኬን በዓመት በዓላችሁ ስትጠሩኝ የኖርኩ ሰው፣ የእናንተ ውዳሴ ከቤቴ አይግባ ብዬ በየት አፌ እናገራለሁ?»

«እኔስ ብሆን? በመውሊድ እናንተ ቤት ትሪ ተሸክሜ ያደግሁ።»

«እንዳልፈቅድ ደግሞ፣ ነገ እኔን ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔንም የንስሐ አባቴ።»

እንደገና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወላሂ፣ ያላሰብኩት የለም። ምናልባት... ደህና ደህና ዘፈን ብንመርጥላቸውስ?»

ግድግዳዬ ላይ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ሰርቄ አየሁና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ስለ ሀገር የተዘፈነ ቢሆን?»

«ወሎ ውስጥ? ስለ ሀገር ተብሎ የተጀመረው ሁሉ ሁለተኛው ስንኝ ሳይደርስ አንዲት ዓይነ ግቡ ዘው ትልበታለች።»

«እሺ፣ ስለ እናት።»

«ያስለቅሳል። ልጆቹ ምን በደሉ?»

«ስለ ሥራ?»

«እሱንስ እኔም አልሰማው!»

ከዚያ፣ «እንዲህ ያለው ቢሆንስ?» ብለው ድሮ የሚወዱትን በትዝታ ቅኝት ቀስ አድርገው ለቀቁት። ሐጂን ሲዘፍኑ ሰምቼ አላውቅም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቀጣዩን ስንኝ ከአፋቸው ነጥቄ ጨረስኩላቸው።

«አንቺ! የሰንበት ተማሪዋ! ከየት ታውቂዋለሽ?»

«ከሚኒባስ» አልኩ፤ ፊቴ ጋለ። «ወልድያ ስማር ስንቅ ላመጣ ቅዳሜ ቅዳሜ እመላለስ አልነበር? ሲሪንቃ እስክንደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ጆሮ ግን ክዳን የለውም ሐጂ።»

ሳቁ። ከጀርባቸው የባለቤታቸው ድምፅ መጣ። «ሐጂ! በዚህ ዕድሜዎ ይዘፍናሉ?»

«አስተግፊሩላህ! ስብሰባ ላይ ነኝ!»

ስብሰባችን እንዲህ ወሰነ፦ ስልኮቹ ይመለሱ። ሚሞሪ መዋዋሱን አላየንም። ዘፈኑን ራሳቸው ይምረጡ፤ ሲሰሙ ግን በረንዳው ላይ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ድምፁን ለቀው ይስሙ። ሐጂ፣ «እኔ አብሬ ልሰማው የማፍርበት ከመጣ መኪናውን በኃይል እረግጠዋለሁ፤ ያኔ ይገባቸዋል» አሉ።

በማግስቱ የልጄን ቁጥር ደወልኩ። ብዙ ጠራ። ከዚያ ተነሣ።

«የኔ ቆንጆ?»

«ሐጂ ዘፈንሽ አሉ» አለች። ድምፅዋ ኩርፊያውን ገና አልጨረሰም፤ ሳቅ ግን ጫፉ ላይ አለ። «እውነት ነው?»

«አንዲት ስንኝ ናት...»

«ለእኔም ዝፈኝልኝ።»

«ዛሬ እኮ ዓርብ ነው፤ ጾም ነው።»

«መንዙማ የሰማሁ ጊዜ ጾም አልነበረም፤ ስልኬን ግን ወሰድሽው።»

አሮጊቷ መተኛቷን አይቼ፣ ኩሽና ገብቼ፣ በሩን ዘጋሁና በሹክሹክታ ዘፈንኩላት። መሃል ላይ አንዲት ስለ ከንፈር የምታወራ ስንኝ አለች፤ እሷን ዘለልኳት።

«ዘለልሽ» አለች ልጄ።

«ረስቼው ነው።»

«እማ! በጾም ይዋሻል?» ከጎኗ የሐጂ ልጅ ስታሽካካ ተሰማኝ። «እሑድ ሙሉውን ትይልኛለሽ።»

«እሑድ ስደውል ታነሺልኛለሽ?»

«ታዲያ ማን ያነሣልሻል?»