አምበሏ የሌለችበት ዝርዝር

በሆኪ ሜዳ ላይ አሥራ አንድ ሰው ይሰለፋል፤ እሷ ግን ጨዋታውን ከልጅነቷ ጀምሮ ብቻዋን የተጫወተችው ያህል ነበር። በረኛ ነበረች። በረኛ የሆነችውም ወዳ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ ትምህርት ቤቷ የሴቶች ቡድን ሲያቋቁም አንድ አሮጌ የበረኛ ትጥቅ ተገኘ። የእግሩ መከላከያም የደረቱም ለሌሎቹ ልጆች ሲሰፋ እሷን ብቻ ልክክ አላት። ታላቅ ወንድሟ በዚያ ትጥቅ ውስጥ ሲያያት ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ቁልፍ ምን ያደርግልናል፤ ይቺን በር ላይ ማቆም ነው» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «መዝጊያ» የሚል ስም ወጣላት። ሰፈሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ በኋላም ጋዜጣው በዚሁ ስም ጠራት።

መዝጊያ ጎበዝ ነበረች። በሃያ ዓመቷ ለብሔራዊ ቡድን ተመረጠች፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከቦታዋ የነቀነቃት የለም። የሆኪ ኳስ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው፤ እሷ ግን ኳስ ሲመጣባት ዓይኗን አትጨፍንም። የሚከብዳት ሌላ ነገር ነበር። ጨዋታው ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሲሄድ ለብቻዋ ትቀራለች። ከራሷ ጋር ታወራለች፣ የጎሉን ብረት በዱላዋ ኳ ኳ ታደርጋለች። ጎል ሲገባባት የሰው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ያርፋል። ጓደኞቿ ጎል ሲያገቡ ደግሞ ያንን ሁሉ ትጥቅ እየጎተተች እስክትደርስ ተቃቅፈው ጨርሰው ወደ ቦታቸው እየተመለሱ ነው።

የምትጠብቃት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ የቡድኑ አምበል። አምበሏ ቀጭን፣ ለፍላፊ፣ ሳቂታ ሴት ናት። ጎል በገባ ቁጥር ዳኛው ፊሽካ እስኪነፋባት ድረስ መሃል ሜዳ ቆማ «ነይ እንጂ አንቺ ቁም ሳጥን» እያለች ትጣራለች። ጉዞ ሲኖር አሥራ አንድ ዓመት አንድ ክፍል ተኝተዋል፤ አንዷ ስታንኮራፋ ሌላዋ ትራስ ትወረውርባታለች። የአምበሏ ትዳር ሲፈርስ ያለቀሰችው መዝጊያ ትከሻ ላይ ነው። የመዝጊያ አባት የሞቱ ጊዜም ሳምንት ሙሉ ከጎኗ ያልተለየችው አምበሏ ናት። መዝጊያ ራሷ አላገባችም። ለምን ብለው ሲጠይቋት «በእኔ በኩል ማን ያልፋል ብላችሁ ነው» ትልና ታስቃቸዋለች።

ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላት ዳሌዋ ከዳት። ሐኪሙ የራጁን ፎቶ ብርሃን ላይ ይዞ «ይህ የሰባ ዓመት ሴት ዳሌ ነው» አላት።

«እንግዲያው ለባለቤቷ እንመልስላታ» አለች። ሐኪሙ አልሳቀም።

በዚያው ዓመት ፌዴሬሽኑ የቡድን መሪ አድርጎ ቀጠራት። ፓስፖርት መሰብሰብ፣ አውቶቡስ መያዝ፣ ማሊያ ማሳጠብ፣ ደብዳቤ መጻፍ ሥራዋ ሆነ። ቢሮዋ ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ጣሪያዋ ወደ አንድ ወገን ያዘቀዘቀ፣ መስኮቷ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያይ። ሜዳው ከግድግዳው ጀርባ ነው። የዱላና የኳሱን ድምፅ ትሰማለች እንጂ አታይም። በሁለት ጣት እየለቀመች መተየብ ተማረች።

መጀመሪያ ላይ ተጫዋቾቹ እየመጡ ጠረጴዛዋ ላይ ይቀመጡ ነበር። ውሎ ሲያድር እሷ ስትገባ ወሬ ማቋረጥ ጀመሩ። አንድ ቀን የልብስ መቀየሪያውን ክፍል በር እንደ ድሮዋ በረገድ አድርጋ ስትከፍት፣ ከውስጥ አንዷ «የቢሮ ሰው መጣ» ብላ ስታንሾካሹክ ሰማች። ከዚያ ወዲህ ሳታንኳኳ ገብታ አታውቅም።

አምበሏ ግን አልተለወጠችም። ልምምድ ባለ ቁጥር ምሳዋን ይዛ እዚያች ዝቅ ያለች ክፍል ትመጣለች፣ ጣሪያው ግንባሯን ሲመታት ትሳደባለች፣ ትበላለች፣ ትለፈልፋለች።

በሁለተኛው ዓመት አዲስ አሰልጣኝ መጣ። ለትልቁ ውድድር ሊሄዱ አሥር ቀን ሲቀራቸው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የአሥራ ስምንት ተጓዦች ስም ያለበት ወረቀት አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ሁለት ጊዜ አነበበችው። የአምበሏ ስም የለም።

«ረስተህ ነው?» አለችው።

«አልረሳሁም። እግሯ አይሄድላትም። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። የባሰባትም ማወቋ ነው።

«ዓርብ አንቺ ታነቢላቸዋለሽ» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «ከአንቺ አፍ ቢሰሙት ይሻላል። እስከዚያ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

አምበሏ ያን ቀንም እንደ ወትሮው ለምሳ መጣች። ረቡዕ ለውድድሩ ብላ የገዛችውን አዲስ ጫማ ከካርቶኑ አውጥታ አሳየቻት። ሐሙስ ደግሞ «ዘንድሮ መስኮቱ ጋ ያለው አልጋ የእኔ ነው፤ ባለፈው አንቺ ወስደሽዋል» አለች። መዝጊያ «እሺ» አለቻት። ሦስቱንም ቀን ልትነግራት እየጀመረች ተወችው። ሥራ ነው፣ አደራ ተብያለሁ እያለች ራሷን አጽናናች። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርታ ነበር።

ዓርብ ሁሉም በስብሰባው ክፍል ተቀመጡ። ቀና ሳትል ስሞቹን በተርታ አነበበች። አሥራ ስምንተኛውን ጠርታ ቀና አለች። አምበሏ የሚቀር ስም ያለ ይመስል ትክ ብላ ታያታለች።

«ጨረስሽ?» አለቻት።

«ጨርሻለሁ።»

አምበሏ ቦርሳዋን አነሳች፣ ወንበሯን ወደ ቦታው መለሰች፣ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት መዝጊያ አምበሏ ቤት ድረስ ሄደች። የአምበሏ እህት በሩን ገርበብ አድርጋ «የለችም» አለቻት። አዲሱ ጫማ ደጃፉ ላይ ነበር። መዝጊያ አይታ እንዳላየች ሆና ተመለሰች።

በውድድሩ ሰባተኛ ወጡ። በዚህ ጉዞ መዝጊያ ክፍሉን ለብቻዋ ያዘችው፤ አልጋው ግን ሁለት ነበር። አንዱ ላይ ሻንጣዋን አስቀመጠች፣ አንዱ ላይ ተኛች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀናት። አራት ዓመት ሳይሞላ የፌዴሬሽኑ ሥራ አስኪያጅ ሆነች፤ ፎቅ ላይ ሰፊ ቢሮና አንዲት ጸሐፊ ተሰጣት። ወንድሟ ጋ የሚኖሩት እናቷ ሁልጊዜ ማታ ማታ እየደወሉ «በልተሻል?» ይሏታል። «በልቻለሁ እማዬ» ትላለች፣ ኩሽናዋ ውስጥ ቆማ ደረቅ ዳቦ እየገመጠች።

አንድ ቀን ጸሐፊዋ እንግዳ አስገባች። አምበሏ ነበረች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ሸብቷል።

«ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አሉ?» አለች።

መዝጊያ የምትቀልድ መስሏት ሳቋን ጠበቀች። ሳቅ አልመጣም።

አምበሏ የማመልከቻ ወረቀቷን እንደያዘች ቆማ ጉዳይዋን ተናገረች። በሰፈሯ የሴት ልጆች ቡድን መሥርታለች፤ በሳምንት አንድ ቀን ሜዳ ትፈልጋለች። መዝጊያ መዝገቡን አገላብጣ «ክፍት ያለው ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው» አለች።

«ይበቃናል። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምነው፣ እርስዎ ትይኛለሽ እንዴ?»

«ቢሮ ነው እኮ» አለች አምበሏ፤ ወረቀቷን አጥፋ ይዛ ወጣች።

ቅዳሜ መዝጊያ ወደ ስታዲየሙ ሄዳ ከላይኛው መቀመጫ ላይ ተቀመጠች። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። ታች ሜዳው ላይ አምበሏ ልጆቹን እየተቆጣችም እያሳቀችም ታሮጣቸዋለች። የእረፍት ሰዓት ሲደርስ ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣችና የአንድ ሰው ቦታ መሃላቸው ትታ ተቀመጠች።

«ማክሰኞ ነው ያወቅሁት» አለች መዝጊያ።

«ማክሰኞ እንዳወቅሽ አውቄ ነበር። ምሳሽን ነካክተሽ ተውሽው። ጫማውን ያሳየሁሽ ለምን ይመስልሻል? እንድትነግሪኝ ነው። ሦስት ቀን ጠበቅሁሽ።»

«አሰልጣኙ እኮ…»

«አሰልጣኙን ተዪው። እሱ ልክ ነበር፤ እግሬ አልሄደልኝም። አንቺ ነሽ ከሰው ሁሉ እኩል አስቀምጠሽ ያነበብሽብኝ።»

«ይቅር በይኝ» አለች መዝጊያ።

አምበሏ ሜዳውን እያየች «እስቲ» አለች። ታች ከልጆቹ አንዷ ስትጣራ ተነሥታ ወረደች።

ከዚያ ወዲህ መዝጊያ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። አምበሏ አንዳንድ ቀን እጇን ታነሳላታለች፣ አንዳንድ ቀን ሳታያት ታልፋለች። እንደ ድሮው ምሳ ይዛ አልመጣችም። ልምምዱ ሲያልቅ ልጆቿን አስከትላ፣ እንደ ልማዷ እየለፈለፈች፣ በወዲያኛው በር ትወጣለች። መዝጊያም ድምፃቸው እስኪጠፋ ቁጭ ትልና ዳሌዋን ደግፋ ደረጃውን ትወርዳለች።

አንድ ሰኞ ጸሐፊዋ «ቅዳሜን እንዴት አሳለፉ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሜዳ ላይ ትንሽ ሥራ ነበረኝ» አለች መዝጊያ፤ የዕለቱን ደብዳቤዎች ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።