የረዘመችው መቋሚያ

መሪጌታ ቀለመወርቅ በጃንሆይ ዘመን በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ ድምፃቸው ያማረ፣ ግን ግልፍ የሚላቸው ሰው ነበሩ። ማኅሌት ሲቆሙ የሚደገፉባት መቋሚያ በጎልማሳነታቸው በቁመታቸው የተቆረጠች ናት፤ ብብታቸው ሥር ልክክ ትል ነበር። እያረጁ ሲሄዱ ግን ትከሻቸውን ትገፋቸው ጀመር። ውሎ አድሮ አገጫቸው ደረሰች።

ሌላ ሰው ቢሆን ራሱን ይጠረጥራል። እሳቸው የጠረጠሩት የልጅነት ጓደኛቸውን፣ ቁመተ ረጅሙን ደብተራ ይርጋን ነው።

"መቋሚያዬን በራስህ መቋሚያ ለውጠህብኛል!" ብለው በካህናቱ ፊት አዋረዱት።

ይርጋ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸውም ቀረ።

አንድ ቀን የድጓውን መጽሐፍ ከነማኅደሩ ከተሰቀለበት ሲያወርዱ ጀርባቸው ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለና እዚያው ተንበረከኩ። ወጌሻው "አጥንት ወጥቷል" ብሎ በጉልበቱ ቢጫናቸው ጩኸታቸው ደጀ ሰላም ድረስ ተሰማ። ሚስታቸው ላቀች ጎረቤቱን ለምና በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ አደረሰቻቸው፤ ከዚያ በጭነት መኪና ጎንደር ሐኪም ቤት ገቡ።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አሳያቸው። አከርካሪ እንደ ድንጋይ ካብ የተደራረበ መሆኑን፣ የእሳቸው አጥንት ከእርጅና ሳስቶ አንዳንዱ ባለበት እንደ ተደረመሰ በትዕግሥት አስረዳቸው። የወጣ አጥንት የለም፤ ስለዚህ በጉልበት የሚመለስም የለም።

"ቁመትዎ የቀነሰው ለዚህ ነው፣ አባቴ። ሕመሙ ይበርዳል። ከእንግዲህ ግን ከባድ አያንሡ፣ አያጎንብሱ፤ ሌላውም ይደረመሳል።"

"ስግደትስ?"

"ስግደትም አይሆንም።"

መሪጌታ ፊታቸው በእፍረት ተቃጠለ። መቋሚያዋ ያችው ናት፤ ያጠሩት እሳቸው ናቸው። ይርጋን በከንቱ በድለዋል። አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ግን ይቅርታ ለማለት አፋቸው አልታዘዝ አላቸው። ላቀች "መቋሚያዋን በልክዎ እናስቆርጣት" ስትላቸው "እንዳትነኪያት!" ብለው ይቆጣሉ። ማስቆረጥ በደልን ማመን ነውና።

ስቅለት ደረሰ። የነፍስ አባታቸው "እርስዎ ቆመው ይጸልዩ፤ ልብዎ ይስገድ" አሏቸው። ሕዝቡ ኪርያላይሶን እያለ ሲወድቅ ሲነሣ፣ እሳቸው ብቻ አገጫቸውን መቋሚያዋ ላይ አሳርፈው እንደ ትዕቢተኛ ተገትረው ዋሉ። አለቀሱ። በደላቸውን እንደ ተሸከሙ፣ ሳይሰግዱ መሞታቸው ነው።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ስግደቱን የፈጸመ ሁሉ አረፍ አለ። ይርጋ ግን ላቡን በነጠላው ጠርጎ ወደ እሳቸው ተጠጋና እንደ ገና ጀመረ።

"ያንተ አላለቀም እንዴ?" አሉት።

"የኔስ አልቋል። ይኸ ያንተ ነው።"

ወደቀ፣ ተነሣ። መሪጌታ እንባቸው እየወረደ እስኪጨርስ ጠበቁት። ሲጨርስ መቋሚያዋን በሁለት እጃቸው አቀበሉት።

"ይርጋዬ፣ ፋሲካ ሲያልፍ ቁረጥልኝ" አሉት፤ "በልኬ።"