ትሪ ይዛ የምትገባዋ ጎረቤቴ

የፊልም ሰዎቹ ከተማ ውስጥ፣ ፌርፋክስ የሚባለው ሰፈር፣ የእኛ አገር ሰው ገና በጣት ይቆጠር በነበረበት ጊዜ፣ ከልጄ ጋር በምንኖርበት ፎቅ ላይ በር ለበር የምንተያይ አንዲት እንግሊዛዊት ተዋናይት ነበረች። እኩያዬ ናት፣ እንደኔው ጠጉሯ የሸበተ። ከልጅነቷ ጀምራ ሎንዶን መድረክ ላይ ያደገች፣ የሙያው ሰዎች ሲያዩዋት ከወንበራቸው የሚነሱላት ሴት። ፊልም ላይ ግን አንዴ ገረድ፣ አንዴ አዋላጅ፣ አንዴ ቤት አከራይ ነበር የሚያደርጓት። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ከየት እንደሚያውቃት ግን አያውቅም። አንድ ቀን አትክልት ስንገዛ አንዱ ሰውዬ፣

«የጥርስ ሐኪሜ ጋ የሚሠሩት እርስዎ አይደሉም?» አላት።

ደስ ይበለው ብላ፣ «ነኝ! መንጋጋዎ እንዴት ሆነልዎ?» አትለውም! እሱም አፉን በርግዶ አሳያት። እኔ ከድንቹ ጀርባ በሳቅ ፈረስኩ።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ አንድ ጊዜ ለትልቅ የፊልም ሥራ ልትፈተን ተጠራች። ጠፍቶ የቆየ ልጇ ተመልሶ የሆነውን ሁሉ ሲነግራት፣ ዝም ብላ የምታዳምጥ እናት ሆና ልትሠራ።

«እስከ ዛሬ ካሜራው የሚያየኝ ትሪ ይዤ ስገባ ነው። ይሄን ካጣሁ ከነትሪዬ ነው የምቀበረው» ብላ ሳቀች።

«እስቲ አንቺ እናት ሁኚልኝና ልይሽ» አለችና የልጁን ንግግር ታነብልኝ ጀመር። ግማሹ አይገባኝም፤ ብቻ ድምጿ ሆዴን አባባው። እንደ አገሬ ሰው አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እህ!» ስል፣ ወረቀቷን ጥላ ውሃ ልታመጣ ሮጠች።

«አስም አለብሽ እንዴ?»

«ኧረ በማርያም! እየሰማሁሽ ነው ማለቴ ነው!» አጠገባችን የነበረችው ልጄ በሳቅ እየተንፈራፈረች በእንግሊዝኛ አስረዳችልኝ።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻላት! ሊፍት ውስጥ «እህ!»፣ ፖስታ ቤት «እህ!»። መጀመሪያ ላይ ዝንብ የዋጠች ነበር የምትመስለው። የአውቶቡሱ ሹፌር አምቡላንስ ልጥራ ብሎ አቁሞልናል።

የፈተናዋ ዕለት ልጄ ድራይቭ አድርጋ ወሰደችን። እኔ ጥግ ተቀመጥኩ። ልጇን ሆኖ የቀረበው ወጣት መናገር ሲጀምር እሷ አየሩን ሳበችው። ወጣቱ ደንግጦ አፉን ዘጋ፤ አንዷ ሠራተኛ ውሃ ይዛ ብድግ። አበላሸኋት! ብዬ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወተፍኩ። እሷ ግን ከእናትነቷ ንቅንቅ ሳትል፣ እጇን ጉልበቱ ላይ አሳርፋ «ቀጥል፣ ልጄ» አለችው። ቀጠለ። ሁለተኛዋን «እህ!» ቀስ ብላ ስትስብ ወጣቱ እንባውን በእጅጌው ጠረገ፤ ውሃ ያመጣችዋም ውሃውን ራሷ ጠጣችው።

«እንደውላለን» ብቻ ብለው ሸኙን። መኪና ውስጥ የሳቅነው ሳቅ! ፍርሃትም ነበረበት መሰለኝ።

ስልኩ የጮኸ ቀን ቤቷ ነበርኩ። አዳመጠች፣ ዘጋችው፣ ጫማዋን ወርውራ ሶፋው ላይ ወጥታ ትዘል ጀመር። እኔም እልልታዬን ለቀቅኩት። ከታች ያለው ጎረቤታችን፣ ክሬንሾው የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ያደገ ጥቁር ሽማግሌ፣ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት እየደበደበ «ምን ሆናችሁ?» ሲል፣ እሷ በመስኮት ተንጠልጥላ፣

«አገኘሁት!»

«ምኑን?»

«ልጄን! እናት ሆንኩ!»

«በዚህ ዕድሜሽ?» አለ ሽማግሌው። «ቆይ፣ ሸሚዝ ልልበስና መጣሁ!»