አሚን ያልንበት ቲያትር

ቲያትር ካለ እህል ውሃ አያሰኘኝም። በዚያ የረሃብ ዘመን እንዲህ ማለት ነውር ነበር፤ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው። መካነ ሰላም ውስጥ የኪነት ቡድኑ አዲስ ነገር ባሳየ ቁጥር ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር አልጠፋም። በማግስቱ ደግሞ አስተያየቴን በማስተምርበት ትምህርት ቤት የግድግዳ ጋዜጣ ላይ እለጥፋለሁ። ብዕሬ ምሕረት አያውቅም። አንዴ የባላባቱ የጥጥ ጢም በቁጣው መሃል ሲወድቅ «ከባላባቱ በፊት ጢሙ ተገረሰሰ» ብዬ ጽፌ ቡድኑን ሁሉ አስኮርፌአለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ቲያትር ስለ ድርቅ ነበር። ሽማግሌውን የሚጫወተው ጓደኛዬ፣ የሒሳብ አስተማሪው ነው። ክፍል ውስጥ ድምፁ እንኳ አይሰማም፤ መድረክ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። «እኔ የምኖረው እሑድ እሑድ ነው» ይለኝ ነበር።

ድርሰቱ ላይ ሽማግሌው ለዝናብ ዱዓ ያደርግና ዱላውን ጥሎ «ዱዓዬ ከንቱ ነበር» ይላል፤ ተመልካቹም ይስቃል። ልምምዱ ላይ እኔም ስቄአለሁ።

ያን እሑድ ከሰዓት ግን አዳራሹን የሞሉት የእርዳታ እህል ፍለጋ ከወግዲ በኩል በእግራቸው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ጓደኛዬ እጁን ዘርግቶ «ዝናሙን ያምጣልን» ሲል አዳራሹ በሙሉ «አሚን» አለ። እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘርግቷል። እኛ አገር ምርቃት ሰምቶ ዝም የሚል ሰው የለም።

«ከቤቱ የወጣውን በሰላም ይመልስልን» ሲል ቀጠለ። ይህ ድርሰቱ ውስጥ የለም።

«አሚን።»

«የቀበርነውን ይማርልን፤ ለቀረነው እድሜ ይስጠን።»

«አሚን።» ከአጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እኔም አለቀስኩ።

«ዱዓዬ ከንቱ ነበር» የምትለዋን ያችን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ግን አላላትም። ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ጊዜ ሲያንሾካሹኩለት ሁላችንም ሰማን። እሱ ዱላውን እንደያዘ ቀስ ብሎ ወጣ።

የኪነት ቡድኑን የሚቆጣጠረው ካድሬ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ረስቶ ነው ወይስ ሆን ብሎ? ቲያትር አዋቂው አንተ ነህ፤ ነገ ከጽሑፍህ እንረዳለን» አለኝ። ሆን ብሎ ከሆነ ወዴት እንደሚወሰድ ሁለታችንም እናውቃለን።

በማግስቱ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ «ዋናው ተዋናይ አንዲት መስመር መያዝ አቅቶት ቲያትሩን አበላሸው። ለመድረክ አልተፈጠረም፤ በሌላ ይተካ።» ካድሬው አንብቦ ሳቀ። ጓደኛዬን ከቡድኑ አስወጡት እንጂ ሌላ ነገር አላደረጉትም።

ተማሪዎች ጋዜጣውን ከበው ሲሳሳቁ እሱም መጥቶ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«አልረሳሁም እኮ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«አንተም አሚን ስትል ሰምቸሃለሁ። ድምፅህን ለይቸዋለሁ።»

ጠመኔውን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ። ከዚያ ወዲያ መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም።